ከእረኛ በትር እስከ በረዶ ሜዳ

በአማርኛ የስፖርት ዘገባ ውስጥ አንድ የምወደው ግሥ አለ፤ አስቆጠረ የሚለው። «እገሌ ሁለት ግብ አስቆጠረ» ሲባል ቃሉ ስለ ምቱ ብርታት ምንም አይነግረንም፤ ስለ መረቡ መርገብገብም አይነግረንም። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ሌሎች እንዲቆጥሩ አደረገ። ቆጠረ፣ አስቆጠረ። መቺው ሌላ፣ ቆጣሪው ሌላ። አጥቂ ጨዋታ ካቆመ በኋላ የሚቀርለት ቆጣሪው የጻፈለት ስለሆነ፣ ግሡ እውነቱን ይዟል እላለሁ።

እንግሊዝኛው ለዚሁ ጉዳይ ስኮር ይላል። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ጥንታዊ ቋንቋ ነው፤ በዚያ ስኮር ማለት በእንጨት ላይ በስለት የተቆረጠ ምልክት ነበር። ያው ቃል «ሃያ» የሚል ትርጉምም አለው። የቃል ታሪክ አጥኚዎች ሁለቱን ትርጉሞች የሚያገናኙት በእረኛ ነው፦ መንጋውን በአፉ እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ ሃያ ሲሞላ በትሩ ላይ አንድ ጊዜ ይቆርጥና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከበትሩ ቃሉ ወደ ዕዳ መዝገብ ተሻገረ። በእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ሒሳብ የተያዘው በተቆረጠ እንጨት ነበር። በ1834 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ያ የተከማቸ እንጨት ከአገልግሎት ውጭ ስለሆነ ይቃጠል ተብሎ በምድጃ ሲነድ፣ እሳቱ አምልጦ የፓርላማውን ሕንፃ አወደመ። በክሪኬት መጀመሪያ ዘመን ደግሞ ቆጣሪው ከሜዳው ዳር ቆሞ ለእያንዳንዱ ሩጫ በእንጨት ላይ አንድ አንድ ይቆርጥ ነበር። ቃሉ ከእረኛ ወደ ስፖርተኛ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የአንድ ስፖርት አጥቂዎች ስማቸው የተመዘገበባቸው ቃላት ናቸው፤ የበረዶ ሆኪ አጥቂዎች። ይህን ስፖርት የመረጥሁት በሰሜን አሜሪካ እጅግ ከተከበሩት የጨዋታ ቁጥሮች መካከል የእነዚህ ሰዎች ስላሉበት፣ ቃላቱም ሲፈተሹ ከአንድ መንደር የመጡ ያህል ስለሚዛመዱ ነው። ያ መንደር እረኛ፣ ጥጥና ሱፍ ፈታይ፣ ወፍ አጥማጅና ቆብ ሻጭ የሚኖሩበት ነው። የዓለም ታላላቅ አጥቂዎች ክብር የተነገረው በእነዚህ ሰዎች የሥራ ቃል ነው፤ እኔንም የሚገርመኝ ይህ ነው።

ከጨዋታው ስም እንጀምር። በ1527 የአየርላንድዋ የጎልዌይ ከተማ ነዋሪዎቿን ከማይረቡ ጨዋታዎች ለማራቅ ሕግ ስታወጣ፣ ትንሽ ኳስ በ«ሆኪ» ዱላ መምታትን ከከለከለቻቸው አንዱ አድርጋ ጻፈችው። በ1773 ለንደን ላይ በታተመ የልጆች ጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ሆኪ በራሱ የጨዋታ ስም ሆኖ ይገኛል። ስለ ምንጩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሐሳብ ወደ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ያመራል፤ ሆኬ ይባላል፣ ጫፉ የቆለመመ የእረኛ በትር ነው። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ግን ሆኪ የሚባል ኮሎኔል ወታደሮቹን በጨዋታው ያለማምድ ስለነበር በእሱ ተሰየመ የሚል ወሬ አለ። ወሬው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስለነበረ ሰው ሲያወራ፣ ቃሉ ግን ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ ይቀድማል። ሥርወ ቃል ሲፈለግ አንድ ሰው ፈልስፎ ስሙን የሰጠበት ታሪክ ጆሮ ይማርካል፤ ብዙ ጊዜም የሚያሳስተው እሱ ነው።

ጨዋታው በበረዶ ላይ፣ ጣሪያ ባለው ቤት፣ ሥርዓት ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው መጋቢት 3 ቀን 1875 በሞንትሪያል የቪክቶሪያ መንሸራተቻ አዳራሽ ነው፤ አዘጋጁ ጄምስ ክሬይተን የሚባል ሰው ነበር። ኳስ ወደ ተመልካቹ ተፈናጥሮ ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ በኳስ ፈንታ ክብና ጠፍጣፋ እንጨት ተያዘ። በቀጣዩ ዓመት የሞንትሪያል ጋዜጣ ያንን ነገር ፓክ ብሎ ጻፈው። ዛሬ ፓክ ከጠነከረ ጎማ የምትሠራ፣ ዲያሜትሯ 7.62 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም የሆነች ጥቁር ክብ ናት፤ እንዳትነጥርም ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትቀመጣለች። ስሟ ከሼክስፒር ተረት ውስጥ ካለው ፓክ ከሚባለው መንፈስ ጋር ይያያዛል የሚሉ አሉ፤ የድምፅ መመሳሰል እንጂ ዝምድና የለም። የሚያሳምነው የአየርላንዱ ፖክ ነው። ፖክ ወጠጤ ፍየል ነው፤ ፖክ የወጠጤው በቀንድ መውጋትም ነው፤ ኸርሊንግ በሚባለው የአየርላንዶች የዱላ ጨዋታ ደግሞ ኳስን መምታት ነው። አየርላንዳውያን ስደተኞች ወደ ካናዳ ሲሻገሩ ቃሉን ይዘው ሄዱ፤ በመጀመሪያ ምቱን፣ ኋላም የሚመታውን ነገር መጥሪያ ሆነ። ስለዚህ በትሩ የእረኛ፣ ምቱም የፍየል ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። የሆኪ ቡድን ከበረኛው ጋር ስድስት ሆኖ ይሰለፋል፤ ከስድስቱ ሦስቱ አጥቂዎች ናቸው፦ መሐል አጥቂ፣ የቀኝ ክንፍ፣ የግራ ክንፍ። እንግሊዝኛው አጥቂን የሚጠራው «ወደ ፊት» በሚል የአቅጣጫ ቃል ነው፤ የኛው አጥቂ ከማጥቃት የወጣ ስለሆነ ባላጋራውን አብሮ ያነሣል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ የጥንቱ ሠራዊታችን ማዕርጎች ናቸው። ፊታውራሪ፦ ፊት ሆኖ የሚወር። ቀኛዝማች፦ የቀኝ አዝማች። ግራዝማች፦ የግራ አዝማች። የሆኪ አጥቂ መስመር በአማርኛ የጦር ሰልፍ ቃል ያለ ምንም ማስገደድ ይነገራል። ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ እንግሊዝኛውም ክንፍ የሚለውን ቃል ለጨዋታ ከማዋሉ በፊት ለሠራዊት ጎንና ጎን ተጠቅሞበታል። በሁለቱም አገር ሰው ሰልፍን ያየው በወፍ አካል ነው። በዚህ አነጋገር ሞሪስ ሪሻርና ጎርዲ ሃው ቀኛዝማቾች ነበሩ፤ አሌክሳንደር ኦቬችኪን ግራዝማች ነው፤ ዌይን ግሬትስኪ ከመሐል ሆኖ ሁለቱንም ወገን የሚያዝ።

ሪሻር በ1921 የተወለደ የሞንትሪያል ልጅ ነው። በ1944–45 የውድድር ዘመን ሞንትሪያል ካናዲየንስ ባደረገው 50 ጨዋታ 50 ግብ አስቆጠረ፤ ከእሱ በፊት እዚያ የደረሰ አልነበረም። በ1957 በብሔራዊ የሆኪ ሊግ ታሪክ 500 ግብ የሞላ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ሲያቆም ቁጥሩ 544 ነበር። ስምንት ጊዜ የሊጉን የስታንሊ ዋንጫ አነሣ፣ ከእነዚህ አምስቱ ከ1956 እስከ 1960 በተከታታይ የመጡ ናቸው። መጋቢት 1955 የሊጉ ፕሬዚዳንት ክላረንስ ካምቤል ለቀሪው የውድድር ዘመን ሲያግዱት ሞንትሪያል በረብሻ ተናወጠች፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሕዝብ ቅጣቱን በራሱ ላይ እንደተጣለ ቆጥሮት ነበርና። ይህን ሰው ዓለም የሚያውቀው «ሮኬት» በሚል ቅጽል ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ ሮኬታ የመጣ ነው፤ ሮካ ፈታይዋ ያልተፈተለውን ጥጥ ወይም ሱፍ የምታስርበት ዘንግ ሲሆን፣ ሮኬታ ትንሿ ዘንግ ናት። ርችት ሠሪዎች ያችን ወደ ሰማይ የምትተኮሰውን ቀጭን ቱቦ ሲያዩ ከዘንጓ ጋር ስለተመሳሰለችባቸው ስሙን ሰጧት። በረኞችን ያርበደበደው የሪሻር ስም መጀመሪያ በፈታይ ሴት እጅ የነበረ ቃል ነው።

ሌሎችም የአጥቂ ቃላት እንዲህ ናቸው። ግብ አስቆጣሪነቱ ከሁሉ የገነነ አጥቂ በሆኪ ቋንቋ ስናይፐር ይባላል፤ ቃሉን ዛሬ ከጦር ተኳሽ ጋር ብናያይዘውም በ18ኛው መቶ ዓመት በሕንድ የነበሩ እንግሊዛውያን ስናይፕ የምትባለውን፣ በረግረግ ውስጥ ተሸሽጋ አቅጣጫ እየለዋወጠች የምትበርን ትንሽ ወፍ ለማደን ሲወጡ የተናገሩት ነው። ባላጋራን በሰውነት እንቅስቃሴ ማታለል፣ የኛ ልጆች «አብዶ» የሚሉት፣ በካናዳ ዲክ ይባላል። ይህ ዲኮይ ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው፤ ዲኮይ ደግሞ ዴ ኮይ ከሚለው የሆላንድ አነጋገር እንደመጣ ይነገራል፣ «የወፍ ቀፎው» እንደማለት፣ የዱር ዳክዬን አባብሎ የሚያስገባ የአጥማጅ ወጥመድ ነው።

በአንድ ጨዋታ ሦስት ግብ ማስቆጠር ሃትሪክ ነው። ይህን ቃል አንባቢ ከእግር ኳስ ያውቀዋል፤ በአገራችን የስፖርት ጋዜጣ ስም እስከመሆን ደርሷል። ሆኖም የመጀመሪያ ቤቱ እግር ኳስም ሆኪም አይደለም። በ1858 በሼፊልድ ሃይድ ፓርክ ሜዳ ስቲቨንሰን የሚባል የክሪኬት ተጫዋች በሦስት ተከታታይ ውርወራ ሦስት ተጋጣሚዎችን ከጨዋታ አስወጣ። ተመልካቹ ገንዘብ አዋጥቶ ቆብ ተገዛለት። ሃት ቆብ ነው፣ ትሪክ ደግሞ በዚህ ቦታ ብልሃት ወይም ጥበብ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ አነጋገሩ በጋዜጣ ወጣ።

ቃሉ ወደ ሆኪ ሲመጣ እንደገና ወደ ቆብ ቤት መግባቱ የሚያስደንቅ ነው። ጥር 26 ቀን 1946 የቺካጎ አጥቂ አሌክስ ካሌታ በቶሮንቶ የሳሚ ታፍት ቆብ መሸጫ ገባና አንድ ቆብ ወደደ፤ የዋጋው ገንዘብ አልነበረውም። ታፍት ማታ በቶሮንቶ ላይ ሦስት ግብ ካስቆጠርህ በነጻ ትወስደዋለህ አለው። ካሌታ አራት አስቆጠረ። ብዙ ሰው የሆኪ ሃትሪክ ከዚህ ተነሣ ይላል፤ ቃሉ ግን በ1930ዎቹ በካናዳ ጋዜጦች ላይ ነበር፤ ካሌታ ያመጣው ቃሉን ሳይሆን ቆቡን ነው። የሞንትሪያሉ አንሪ አንሪ የቆብ ቤትም በከተማው ሜዳ ሦስት ግብ ላስቆጠረ ሁሉ ቆብ ይሸልም ነበር። ኋላ ልማዱ ተገለበጠ፦ ቆብ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ነጋዴ ቀርቶ፣ ተመልካቹ የራሱን ቆብ አውልቆ ወደ በረዶው መወርወር ጀመረ። ዛሬ ሦስተኛው ግብ ሲገባ ጨዋታው ይቆማል፣ ሠራተኞች ቆብ እየሰበሰቡ ያወጣሉ። በዚህ ቁጥር የሚወዳደረው የሌለው ግሬትስኪ ነው፤ በሊጉ መደበኛ ጨዋታ 50 ጊዜ ሦስትና ከዚያ በላይ አስቆጥሯል። የተወለደውም ካሌታ ቆቡን ባገኘ ልክ በ15ኛ ዓመቱ፣ ጥር 26 ቀን 1961 ነው።

በጎርዲ ሃው ስም የሚጠራ ሃትሪክም አለ፤ አንድ ግብ፣ አንድ አመቻችቶ ማቀበል፣ አንድ ድብድብ በአንድ ጨዋታ። ሃው ራሱ እንዲህ ያደረገው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ከቶሮንቶ ጋር። ሰውየው ግብም ክርንም ስለነበረው ሕዝቡ የሰጠው ስም እንጂ የመዝገብ ቁጥር አይደለም።

በሆኪ ግብ ያስቆጠረ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ያመቻቸለትም አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ከእሱ በፊት የነካውም እንዲሁ። ለአንድ ግብ እስከ ሁለት አቀባይ ይመዘገባል። ይህ ሥርዓት ሆኪን ከእግር ኳስ የሚለይ ትልቅ ጠባይ ነው፣ አቀባዩን ከአስቆጣሪው እኩል ይቆጥረዋልና። ነጥብ የሚለው ቃላችን ከግዕዝ ነጠበ የወጣ ነው፤ ጠብ ያለ የውሃ ጠብታ ጥሎት የሚሄደው ምልክት። የእንግሊዝኛው ፖይንት ደግሞ ከላቲን የመጣ የመውጋት ቃል ነው፣ በሹል ነገር የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ። ስኮር ቁርጥ ነበር፣ ፖይንት ብስ ነው፤ የኛው ጠብታ ነው። ሦስቱም ቆጣሪ በአንድ ነገር ላይ ያስቀረው ምልክት ነው። አሲስት የሚሉት፣ የመጨረሻው ማቀበል፣ በላቲን «አጠገብ መቆም» ነበር። እኛ «አመቻችቶ አቀበለ» እንላለን፤ አመቻቸ የሚለው ግሥ ሥራውን ስለሚያሳይ በዚህ ቦታ አማርኛው ከላቲኑ የተሻለ ይመስለኛል፤ አቀባዩ ከአጠገቡ ከመቆም አልፎ መንገዱን ምቹ ያደርግለታል።

መጋቢት 23 ቀን 1952 የቺካጎው ቢል ሞሲየንኮ በ21 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ግብ አስቆጠረ፤ እስካሁን ማንም አልደረሰበትም። ስሙ በየመጽሐፉ አለ። ሦስቱንም ያመቻቸለት ጋስ ቦድናር የሚባል አንድ ሰው መሆኑን ግን ስንቱ ያስታውሳል? ለግሬትስኪ ያለኝ አድናቆት ከዚህ ይነሣል። በ1,487 ጨዋታ 894 ግብ አስቆጠረ፤ ያመቻቸው ግን 1,963 ነው፤ ድምሩ 2,857 ነጥብ። አንድም ግብ ባያስቆጥር ኖሮ እንኳ ባመቻቸው ብቻ በሊጉ ታሪክ ከማንም ተጫዋች የበለጠ ነጥብ ይኖረው ነበር፤ ሁለተኛው ያሮሚር ያግር ግቡም ማቀበሉም ተደምሮ 1,921 ነው። በ1985–86 ብቻ 163 ጊዜ አመቻችቶ በአንድ የውድድር ዘመን 215 ነጥብ ያዘ። ቦታው ከተቃራኒ ቡድን መረብ ጀርባ ነበር፤ ተከላካዩ ወደ እሱ ሲሄድ ጓደኛው ነጻ ይሆናል፣ ሳይሄድ ሲቀር እሱ ራሱ ዞሮ ይመጣል። ያንን ጠባብ ቦታ ካናዳውያን «የግሬትስኪ ቢሮ» ብለው ሰየሙት። የካናዳው ኤድመንተን አራት ዋንጫ ያነሣው በእሱ ዘመን ነው፤ በ1988 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር አገሩ እንደ ሐዘን ተቀበለው።

የተጫዋችን ዘመን በሙሉ የሚጠራው ካሪየር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከላቲኑ የሠረገላ ቃል ወጥቶ፣ በጣልያንና በፈረንሳይ በኩል ሲያልፍ የሠረገላ መንገድ፣ ኋላም የፈረስ መሮጫ ሆኖ ነበር። ከማንም ይልቅ ለጎርዲ ሃው ይስማማል። በ1946 ዲትሮይት ጀመረ፣ በ1980 ሃርትፎርድ አቆመ፤ በ52 ዓመቱ፣ ከሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ጋር በአንድ ቡድን ተሰልፎ። በብሔራዊ ሊጉ 1,767 ጨዋታ፣ 801 ግብ። ግሬትስኪ 99 ቁጥርን የለበሰው የሃውን 9 ፈልጎ ሌላ ይዞት ስላገኘ ነው፤ የሃውን የግብ ቁጥርም ያለፈው እሱ ነው፣ መጋቢት 23 ቀን 1994፣ በ802ኛው።

ክብረ ወሰን የምንለውን ምዕራባውያን ሬከርድ ይሉታል። ሬከርድ ውስጡ ልብ አለው፤ በላቲን ኮር ልብ ነው፣ ሬኮርዳሪ ወደ ልብ መመለስ፣ ማስታወስ ነው። እኛም «ልብ በል» ስንል ይህንኑ ነገር እንነካለን። ለስፖርቱ ግን ሌላ መንገድ መርጠናል፦ ክብር እና ወሰን። ክብረ ወሰን የክብር ድንበር ነው፤ እዚህ ድረስ ተደርሷል የሚል ምልክት። ደግሞ ጎል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በ14ኛው መቶ ዓመት ጽሑፍ ላይ ብቅ ሲል ትርጉሙ ወሰን ነበር። ወሰን በአንዱ ቋንቋ እያንዳንዷ ግብ ናት፣ በሌላው የሁሉም ግቦች መጨረሻ።

የግሬትስኪ 894 ለብዙ ዓመት የማይነካ ወሰን ይመስል ነበር። በ1985 በሞስኮ የተወለደው ኦቬችኪን በ2005 ለዋሽንግተን ካፒታልስ መጫወት ሲጀምር ማንም ይህን አላሰበም። እናቱ ታትያና በቅርጫት ኳስ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች ናት። እሱ ዘጠኝ ጊዜ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ፤ በ2018 ዋንጫውን ወደ ዋሽንግተን ወሰደ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አማርኛ በብዛት ከሚሰማባቸው ከተሞች ወደ አንዷ። የሚመታበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከበረኛው ፊት በግራ በኩል ካለው ክብ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አላስቆመውም። ሚያዝያ 6 ቀን 2025 በኒውዮርክ አይላንደርስ ሜዳ ቶም ዊልሰን ወደዚያው ክብ አቀበለው፣ ኦቬችኪንም በአገሩ ልጅ በኢልያ ሶሮኪን ላይ 895ኛውን አስቆጠረ፤ በደረቱ በረዶው ላይ ተንሸራተተ። ግሬትስኪ እዚያው ተቀምጦ ያይ ነበር። የጨዋታው ተራ ቁጥር ለኦቬችኪን 1,487ኛ ነበር፣ ግሬትስኪ በሊጉ በዘመኑ ሙሉ ከተጫወታቸው ጋር እኩል።

ስሙን ደግሞ ተመልከቱት። ኦቬችካ በሩሲያኛ ትንሿ በግ ናት፤ ኦቬችኪን የእሷ ወገን እንደማለት ነው። በጎቹን ሲቆጥር በትሩን ይቆርጥ የነበረው እረኛ ለዓለም የሰጠውን ስኮር የሚለውን ቃል፣ ከማንም በላይ ያስከበረው በበግ የተሰየመ ሰው ሆነ። ይህን ማንም አላቀደውም፤ እኔ ግን ቁጥሩን ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ለአጥቂዎች ከሚሰጡት ሽልማቶች ሁለቱ ስለ ስማቸው መነሣት አለባቸው። የብዙ ግብ አስቆጣሪው ሽልማት ከ1999 ጀምሮ በሞሪስ ሪሻር ይጠራል፤ ተገቢ ነው። የብዙ ነጥብ ሽልማት ግን የአርት ሮስ ነው፣ ግሬትስኪ አሥር ጊዜ የወሰደው። ሮስ አጥቂ አልነበረም፤ ተከላካይ ነበር፤ በብሔራዊ ሊጉ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ አንድ ግብ ብቻ አለው። ስሙ የተሰጠው ሌላ ነገር ስላደረገ ነው፦ የፓክን ጠርዝ ያስተካከለ፣ የመረቡንም ቅርጽ ያሻሻለ ሰው ነው። አጥቂዎች የሚመቱትንና የሚመቱበትን የሠራላቸው እሱ ነው፤ እኔ ብሆን ስሙን አልለውጠውም።

ትሮፊ በግሪክ ጠላት ፊቱን ያዞረበት ቦታ ላይ የሚቆም የድል ምልክት ነበር፤ የተማረከ ጋሻና ጦር የሚሰቀልበት። የኛው ዋንጫ ጦር የለበትም፤ ከቀንድ የሚሠራ፣ ጠጅና ጠላ የሚጠጣበት ዕቃ ነው። የሆኪ ትልቁ ሽልማት በዚህ በኩል ከአማርኛው ጋር ይስማማል። የካናዳ ገዥ የነበሩት ሎርድ ስታንሊ በ1892 የሰጡት የብር ሳሕን ነበር፤ በ1896 ያሸነፉት የዊኒፔግ ተጫዋቾች ሻምፓኝ ሞልተው ጠጡበት፣ ከዚያ ወዲህ ያሸነፈ ሁሉ ይጠጣበታል። የአሸናፊዎቹም ስም በዕቃው ገላ ላይ ፊደል በፊደል በመዶሻ እየተመታ ይቀረጻል።

በመጨረሻ ወደ ቤታችን እንምጣ፤ እውነተኛ ዝምድና አለንና። ገና የሚባለው ጨዋታችን ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳስ እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን መስደድ ነው። ስሙ ከበዓሉ ጋር አንድ ነው፤ ሊቃውንት ልደት ወደሚለው የግሪክ ቃል ይወስዱታል። በትውፊታችን ጨዋታውን የጀመሩት እረኞች ናቸው፤ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። የሚመቷት ሩር ወይም ጥንግ ትባላለች። ስለዚህ ሆኪን በአማርኛ የሚዘግብ ጋዜጠኛ ፓክን ሩር ቢላት የሚከለክለው ነገር አላይም። ሩር ድቡልቡል ናት፣ ፓክ ጠፍጣፋ ናት የሚል ሰው ይኖራል። ሩሲያውያን ግን ፓክን ሻይባ ይሏታል፣ ከጀርመንኛ የመጣ የብሎን ማጥበቂያ ቀለበት ስም ነው። የኩቤክ ፈረንሳይኛም እንዲሁ ሮንዴል ይላታል። ጋራዥ የዋለ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል፤ መካኒኮቻችን ከጣልያን ወርሰው ሮንዴላ የሚሉት ነው። ሞሪስ ሪሻር በልጅነቱ በሞንትሪያል የሚመታትን ነገር የጠራበት ቃል፣ በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ዛሬም በየመጠኑ ይሸጣል። ሆኖም ምርጫው ለእኔ ቢሰጥ ሩርን እመርጣለሁ፤ ሮንዴላ ብሎን ማሰሪያ ሥራ አላት፣ ሩር ግን ለመመታት ብላ የተሠራች ናት።